ውድድሩን መዝጋት ልጆቻችንን አያርምም፦ በጎጃም የማርሻል አርት ውድድሮች ላይ ለቀረበው ነቀፌታ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደብረ ማርቆስና በሌሎች የጎጃም ከተሞች የሚካሄዱትን የቴኳንዶና የካራቴ ውድድሮች አጥብቆ የሚነቅፍ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጸሐፊው ለረጅም ዘመን በመምህርነት ያገለገሉና የልጆች አስተዳደግ ከልብ የሚያሳስባቸው ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ስለዚህ ይህን ምላሽ የምጽፈው ቅን ሰው መሆናቸውን ተቀብዬ ነው። ክርክራቸው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ሥልጠናው ለጤናና ለሥነ ሥርዓት ይጠቅም ይሆናል፤ ውድድሩ ግን ጠበኝነትን ያለማምዳል፣ ከባህላችን ጋር አይሄድም፣ የዘመናዊ ካራቴ አባት የሚባሉት ሰው እንኳ አልደገፉትም፣ ሕፃናትን ለጉዳት ይዳርጋል፣ ለሴት ልጅ አይገባም፣ የድሃውንም ኪስ ያራቁታል። በመጨረሻም የወጣት ማዕከላት አዳራሾቻቸውን ለእንዲህ ያለ ውድድር መስጠት እንዲያቆሙ ይጠይቃሉ።

እኔ በዚሁ አካባቢ ልጆችን በማሠልጠንና በየውድድሩ የማዕዘን ዳኛ ሆኜ በመቀመጥ ብዙ ዓመታት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ጽሑፉ ከያዛቸው ነጥቦች መካከል በአንዳንዶቹ እስማማለሁ፣ የምስማማበትንም ሳልሸሽግ እናገራለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ግን ተግባራዊ ቢሆን ልጆቻችን በሌላ ቦታ የማያገኙትን ትምህርት ያሳጣቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደዚያ እንደማምን ነጥብ በነጥብ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የመጀመሪያውና ዋናው ክስ ውድድሩ ልጆችን ጠበኛ ያደርጋል የሚለው ነው። ጸሐፊው ጎጃም በደም መመላለስ ብዙ የተጎዳ አገር መሆኑን ያስታውሳሉ፤ እንዲህ ባለ አገር፣ በተለይም ሰላም በታጣበት በዚህ ጊዜ፣ ልጆችን በአደባባይ ማማታት ነገር ማባባስ ነው ይላሉ። ስጋታቸውን እጋራለሁ። ነገር ግን ደም የሚያፋስሰው ጠብ በእኛ አካባቢ ከየት እንደሚነሣ ሁላችንም እናውቃለን። ከመሬት ድንበር፣ ከመስኖ ውኃ ተራ፣ በጠላ ቤት ከተወረወረ ቃል ይነሣል፤ ወደ ግድያ የሚያደርሰው ግን ብዙውን ጊዜ ድንበሩ ወይም ስድቡ ብቻ አይደለም። በሰው ፊት የተረታ ሰው ሽንፈቱን ይዞ ወደ ቤቱ መግባት ያቅተዋል። «ምን ይሉኛል?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ዘመድ ጎረቤቱም ነገሩን እንዲተወው አይፈቅድለትም። ብዙውን ቂም ስንመረምረው ሥሩ ላይ የምናገኘው መማታት የሚያውቅ ሰው ሳይሆን መሸነፍ የማያውቅ ሰው ነው።

ታዲያ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በሰው ሁሉ ፊት መሸነፍን የት ይማራል? በትምህርት ቤት ዝቅተኛ ውጤት ቢያመጣ ወረቀቱን አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ይሸሽጋል። በእግር ኳስ ቢሸነፍ ሽንፈቱን ከአሥር ጓደኞቹ ጋር ይካፈለዋል፣ በረኛውን ወይም ሜዳውን ይወቅሳል። በመወዳደሪያው ምንጣፍ ላይ ግን ብቻውን ነው። ስሙ በድምፅ ማጉያ ተጠርቷል፤ የክፍል ጓደኞቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ ምናልባትም አባቱ ከዳር ተቀምጠው ያዩታል፤ ውጤቱም በቁጥር ተጽፎ ይታያል። ሲሸነፍ ደግሞ ሥርዓቱ ጥሎት እንዲሮጥ አይፈቅድለትም። ቆሞ የአሸናፊው እጅ ሲነሣ ያያል፣ ለባላጋራው ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል፣ ከዚያም ወደ ባላጋራው አሠልጣኝ ሄዶ አክብሮቱን ይገልጻል። ይህን ሁሉ ያደርግ ዘንድ የሚገደደው ንዴቱ ገና ሳይበርድ፣ ትንፋሹ ገና ሳይመለስ ነው።

በደብረ ማርቆስ በተካሄደ አንድ ውድድር ላይ ያየሁትን ልናገር። ሰማያዊ ቀበቶ የታጠቀ ልጅ በሁለት ነጥብ እየመራ ፍልሚያው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ባላጋራው እግሩን ወደ ላይ ወርውሮ የራስ መከላከያውን በጫፍ ነካው፤ ሦስት ነጥብ ተመዘገበና ውጤቱ ተገለበጠ። አባትየው ከገጠር የመጡ፣ ጋቢ የለበሱ ሰው ነበሩ። ከመቀመጫቸው ተነሥተው እግሩ አልነካውም፣ ልጄ ተበደለ እያሉ ይጮኹ ጀመር፤ አጠገባቸው ያሉትም አብረው ጮኹ። ዳኞቹ ገና እየተነጋገሩ ሳለ ልጁ የራስ መከላከያውን አውልቆ በግራ ብብቱ ያዘና ወደ አባቱ ዞሮ፣ ዕንባው በዓይኑ ሞልቶ፣ «አባዬ፣ ነክቶኛል እኮ» አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ አባትየውም ተቀመጡ። ያን ልጅ እንዲህ እንዲናገር ያስገደደው ሰው አልነበረም፤ ዝም ቢል ኖሮ ጩኸቱ ምናልባት ይረዳው ነበር። እውነቱን ለመናገር የደፈረው በሚጎዳው ቦታ፣ በሚጎዳው ሰዓት፣ በሚወደው ሰው ፊት ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ የግብረ ገብ ፈተና አላውቅም፤ ይህንንም ፈተና በጥቁር ሰሌዳ ላይ ልናዘጋጅለት አንችልም ነበር።

ጸሐፊው የማርሻል አርት ፍልሚያ ጠበኝነትን እንደሚጨምር በጥናት ተረጋግጧል ይላሉ፣ ጥናቱን ግን አይጠቅሱም። በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚነሣው አሜሪካዊው ማይክል ትረልሰን እ.ኤ.አ. በ1986 ሂዩማን ሪሌሽንስ በተባለው መጽሔት ያሳተመው ጥናት ስለሆነ፣ ምን እንዳለ መመልከት ይጠቅማል። ትረልሰን በጥፋተኝነት የተመዘገቡ፣ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 የሆኑ 34 ወጣቶችን በሦስት ቡድን ከፍሎ ለስድስት ወራት ተከታተላቸው። አንደኛው ቡድን ከአክብሮት፣ ከጽሞናና ከሥነ ምግባር ትምህርት ጋር የተያያዘውን ባህላዊ ቴኳንዶ ተማረ፤ ሁለተኛው የመማታትና የመከላከል ዘዴውን ብቻ ተማረ፤ ሦስተኛው ሩጫና የኳስ ጨዋታ ሠራ። በስድስቱ ወራት ፍጻሜ የመጀመሪያው ቡድን ጠበኝነት ቀነሰ፣ የሁለተኛው ጨመረ። ወጣቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ጥናቱም ስለ ውድድር በቀጥታ አይናገርም፤ ስለዚህ ብዙ ልጭንበት አልፈልግም። ያም ሆኖ ጸሐፊው ከሚሉት ይልቅ እኔ ለምለው ይቀርባል፦ ለውጥ የሚያመጣው ምቱን የከበበው ሥርዓት ነው። ሥርዓት የሌለው ውድድር ካለ ሥርዓቱን እናስገባ፤ ሥርዓት ያለውን ግን ከሌለው ጋር ደምረን አንኮንን።

ስለ ሥርዓት ካነሣሁ ዳኛውን ልጥቀስ። በቴኳንዶ መሀል ዳኛው «ካልዮ» ሲል ሁለቱም ተፋላሚዎች እጅና እግራቸውን ሰብስበው ወዲያው መለያየት አለባቸው፤ ከትእዛዙ በኋላ የመታ ይቀጣል፣ ቅጣቱም ለባላጋራው ነጥብ ይሆናል። በአባቶቻችን ዘመን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንድ አላፊ አግዳሚ «በሕግ አምላክ!» ካለ ዱላ ያነሣው ሁሉ ዱላውን ዝቅ ማድረግ ነበረበት፤ የጠራው ሰው መሣሪያም ወታደርም አልነበረውም፤ ቃሉ ግን ያስቆም ነበር። ዛሬ ያ ቃል በመንደራችን ኃይሉ ደክሟል። ልባቸው እየመታ፣ ደማቸው ፈልቶ ሳለ በአንድ ቃል መቆምን የሚለማመዱ ልጆች የማያቸው በውድድር ምንጣፍ ላይ ነው። በሥልጠና ጊዜ ልምምዱ አለ፣ ነገር ግን ከጓደኛህ ጋር፣ በራስህ አሠልጣኝ ፊት፣ ምንም ሳይጠፋብህ መቆም ቀላል ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ውድድሩ ከባህላችን ጋር አይሄድም የሚለው ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ቴኳንዶ ከኮሪያ፣ ካራቴ ከጃፓኗ ደሴት ከኦኪናዋ መምጣቱ እርግጥ ነው፤ እግር ኳስም ከውጭ መጥቶ ዛሬ በየሜዳው ይጫወቱታል። ጥያቄው ከየት መጣ የሚለው ሳይሆን በውስጡ ያለው ነገር ለእኛ እንግዳ ነው ወይ የሚለው መሆን አለበት። የገናን ጨዋታ እናስታውስ። በበትር እሩሯን ለማግኘት የሚደረገው ግፊያ ቀላል አልነበረም፤ ቅልጥም ይመታል፣ ጣት ይቆስላል፤ ሆኖም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ የተደነገገ ሕግ ነበረው። ሎሌው ጌታውን ቢያሸንፍ፣ ቢዘፍንበትም እንኳ ጌታው ቂም መያዝ አይችልም ነበር። ይህ ሕግ ሕዝባችን በሥርዓት የተወሰነ ፉክክር ቂምን እንደሚያስታግሥ ቀድሞ ያውቅ እንደነበር ያሳያል። በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓልም ፉክክርንና ማኅበርን አንድ ላይ ይዞ የሚኖር ነው፤ ፈረሰኞቹ ጉግስና ሽርጥ በተባሉ የፈረስ ጨዋታዎች ይፎካከራሉ፣ ማኅበራቸው ግን በኀዘንና በደስታ ያገናኛቸዋል። ልጆቻችንን ወደ ውድድር ስናወጣ የምንመኘው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም የሚከብደው ስለሆነ በሚገባ መመለስ አለበት። ጸሐፊው የካራቴ ታላቅ መምህር ጊቺን ፉናኮሺ ውድድርን እንዳልደገፉ ይናገራሉ፤ ከዚህም ተነሥተው ጠባይን የሚያንጸው ልምምዱ እንጂ ፉክክሩ አይደለም፣ ፉክክሩ እንዲያውም ልምምዱ የገነባውን ያፈርሳል ይላሉ። ስለ ፉናኮሺ የተናገሩት እውነት ነው። እኚህ የኦኪናዋ ሰው በሙያቸው የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ የካራቴ እምብርት ካታ፣ ማለትም ያለ ባላጋራ በቅደም ተከተል የሚሠራ ልምምድ፣ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ካራቴ በአክብሮት ሰላምታ ይጀምራል በአክብሮት ሰላምታም ይፈጸማል የሚለውም ከመመሪያዎቻቸው የመጀመሪያው ነው። በዘመናቸው የመከላከያ ልብስ፣ የነጥብ ደንብ፣ ምትን ከሰውነት ጥቂት ቀርቶት የማቆም ሥርዓት ገና በቅጡ አልተበጀም ነበርና የምት ፍልሚያ ያስከትላል ብለው የፈሩት አደጋ እውነተኛ ነበር። ሆኖም የእርሳቸው ደቀ መዛሙርት ያሉበት የጃፓን ካራቴ ማኅበር የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ሻምፒዮና ያካሄደው እ.ኤ.አ. በ1957፣ እርሳቸው ባረፉበት ዓመት ነው። ደቀ መዛሙርቱ መምህራቸውን የናቁ አይመስለኝም፤ መምህሩ የፈሩትን አደጋ በደንብ መገደብ እንደሚቻል አምነዋል።

ጸሐፊው ፉናኮሺን ካነሡ አይቀር ጂጎሮ ካኖንም ማንሣት ነበረባቸው። የጁዶው መሥራች ካኖ እ.ኤ.አ. በ1922 ፉናኮሺን ኮዶካን በተባለው የጁዶ ማሠልጠኛቸው ካራቴን እንዲያሳዩ የጋበዙ፣ የፉናኮሺ ታላቅ ደጋፊ ነበሩ። እርሳቸውም መምህር ነበሩ፤ በቶኪዮ የከፍተኛ መምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነው ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል፤ በ1909 ደግሞ ከእስያ የመጀመሪያው የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነዋል። ኮዶካንን በ1882 ሲመሠርቱ ዓላማቸው ተዋጊ ማፍራት አልነበረም፤ ሰውን ማስተማር ነበር፤ ሆኖም ነፃ ትግልንና በተማሪዎች መካከል የሚደረግ ግጥሚያን ከትምህርቱ አካል አደረጉ። የጁዶን ግብ ሲገልጹ ራስንና ሌላውን አብሮ ማበልጸግ የሚል መርሕ አስቀምጠዋል። ማሸነፍ ብቸኛ ዓላማ እንዳይሆንም አጥብቀው ያስጠነቅቁ ነበር፤ ይህን ማስጠንቀቂያ እኔም በሙሉ ልቤ እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ማስጠንቀቂያውን የሰጡት ግጥሚያን ከትምህርታቸው ሳያወጡ ነው።

ለምን አላወጡትም? መልሱን በየሥልጠና ክፍላችን እናየዋለን። የቴኳንዶ ልጆች ትሕትና፣ ታማኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛት፣ የማይበገር መንፈስ የሚሉትን አምስት መርሖች በአንድ ድምፅ ይደግማሉ። ድምፃቸው ያምራል። ዳሩ ግን ያልተፈተነ ቃል ከምላስ አይወርድም። ጽናት የሚለውን ቃል በልቡ የሚያውቀው በመጀመሪያው ዙር ተሸንፎ፣ ውኃ ተጎንጭቶ፣ አንድ ደቂቃ ዐርፎ ለሁለተኛው ዙር የተነሣው ልጅ ነው። ታማኝነት የሚለውንም ከላይ የነገርኳችሁ ባለ ሰማያዊ ቀበቶ ልጅ ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። በተጨማሪም ውድድር አሠልጣኙን ራሱን ይመዝናል። በክፍሉ ውስጥ ልጆቹን ስለ ትሕትና የሚሰብክ ሰው ዳኛ ሲወስንበት ቢሳደብ፣ የተሸነፈ ልጁን ቢያዋርድ፣ ወላጅ ሁሉ ያየዋል። አዳራሽ ተዘግቶ በሚሰጥ ሥልጠና ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ነውር ተሸፍኖ ይኖር ነበር። ጸሐፊው ጠባዩ የተበላሸ አሠልጣኝ አይቻለሁ ብለው ከጻፉ፣ ያዩት በውድድር ላይ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ውድድሩ ባይኖር ማን ያየው ነበር?

ደግሞም ውድድር ማለት ፍልሚያ ብቻ አይደለም። የፉምሴ፣ ማለትም በቅደም ተከተል የተሠሩ እንቅስቃሴዎች ውድድር ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የራሱ የዓለም ሻምፒዮና አለው። የአካል ጉዳት ያለባቸው ስፖርተኞች የሚወዳደሩበት ፓራ ቴኳንዶም በቶኪዮው ፓራሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቷል። ጸሐፊው ይህን ሁሉ «ድብድብ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለውታል፤ በምንጣፉ ላይ የሚሆነውን ቀርቦ ያየ ሰው ግን ለልዩ ልዩ አካልና ጠባይ የተዘረጋ ሰፊ መድረክ ሆኖ ያገኘዋል።

አራተኛው ነጥብ ጉዳትን ይመለከታል፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ከምለያይበት የምስማማበት ይበልጣል። በጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ምት ለማንም አይበጅም፣ በማደግ ላይ ላለ ልጅ ደግሞ እጅግ ያሰጋል። የዓለም ቴኳንዶ ደንብ ወደ ራስ ለሚሰነዘር ምት ከደረት ምት የሚበልጥ ነጥብ መስጠቱ ለአዋቂዎች ፍልሚያ ውበት ሊሆን ይችላል፤ በእኛ አካባቢ ለሚወዳደር የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ግን አይሠራም፣ ሊሠራም አይገባም። ለእንዲህ ያሉ ሕፃናት የራስ ምትን የሚከለክል ወይም ያለ ነጥብ የሚያስቀር ደንብ ማውጣት በእኛው እጅ ያለ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 14 ያሉትን ታዳጊዎች ከ15 እስከ 17 ካሉት የሚለየው፣ በክብደትም የሚከፋፍለው ለዚሁ ነው። በጭንቅላት ምት ተዘርሮ የተሸነፈ ተወዳዳሪ ያለ ሐኪም ፈቃድ ቢያንስ ለ30 ቀናት ወደ ውድድር እንዳይመለስ ያዛል፤ ይህን በትክክል የምንመዘግብ ስንቶቻችን ነን? እዚህ ላይ የጸሐፊው ወቀሳ ያገኘናልና ልንቀበለው ይገባል። የተበደረ የደረት መከላከያ ልኩ ሳይሆን ለልጅ አስሮ ማስገባት፣ የአፍ መከላከያ የሌለውን «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ማሳለፍ፣ ክብደቱን ሳይመዝኑ በዓይን ግምት መመደብ ከነውር ይቆጠራል። እነዚህን የሚያደርግ አዘጋጅ ፈቃድ ሊነፈግ ይገባል። ነገር ግን አስተውሉ፤ መመዘኛ፣ ሐኪም፣ ዳኛና ደንብ ያሉት በውድድር ላይ ነው። ውድድሩ ቢከለከል ልጆቹ መፋለማቸውን አይተዉም፤ ያለ ዳኛና ያለ መከላከያ በየግቢው ጀርባ ይፋለማሉ፣ የተጎዳውንም የሚያይለት አይኖርም።

አምስተኛው ነጥብ ስለ ሴቶች ልጆች የተጻፈው ነው፤ ጸሐፊው ሴት ልጅ በወንዶች ፊት እግሯን እያነሣች መፋለሟ ከጨዋነት የወጣ ነው ይላሉ። መልሴ አጭር ነው። ልብሱ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ሰፊ ልብስ ነው፤ የሚፋለሙትም ሴት ከሴት ጋር ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን በእኛ አካባቢ የሴት ልጅ ዕድሜ ሳይደርስ የመዳር ችግር ዛሬም ያልተነቀለ መሆኑ ነው። ስሟ፣ ዕድሜዋና ክብደቷ ተመዝግቦ፣ በአደባባይ ተጠርታ የተወዳደረች፣ አሠልጣኟና የክለብ ጓደኞቿ የሚጠይቁላት ልጅ በድንገት ከትምህርት ቤት ብትቀር የት ደረሰች የሚል ሰው አላት። ጨዋነትን የምንመኝላት ከሆነ ይህን ጠያቂ አናሳጣት።

ስድስተኛው የገንዘብ ነገር ነው። የመመዝገቢያ ክፍያ፣ የልብስ፣ የመጓጓዣ፣ የቀበቶ ፈተና ወጪ የድሃ ቤተሰብን ያስጨንቃል ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ያስጨንቃል። በየጊዜው ፈተና እየደገሰ ቀበቶ የሚሸጥ አሠልጣኝ መኖሩንም አልክድም፤ እንዲህ ያለው ሰው ሙያውን ያዋርዳል። ጸሐፊው ያላዩት ግን ይህን ወጪ ሕዝቡ እንዴት እንደሚካፈለው ነው። በደብረ ማርቆስ ውድድር ሲኖር ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከደጀን፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላ ልጆች ይመጣሉ። የመወዳደሪያው ምንጣፍ ከአንዱ ክለብ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል፤ ሚዛኑን ሌላው ያበድራል፤ ሰዓት የሚይዙት፣ ስም የሚጠሩት፣ ውኃ የሚያድሉት ትልልቆቹ ሠልጣኞች ናቸው፣ ለዚህም የሚከፈላቸው የለም። እንግዶቹ ልጆች ሆቴል አያድሩም። የአስተናጋጁ ክለብ ልጆች ቤተሰቦች ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ይከፋፈሏቸዋል፤ ማታ በአንድ ትሪ ሽሮ ይቀርብላቸዋል፣ መኝታ በመደዳ ይነጠፍላቸዋል። በማግሥቱ ጠዋት ከአንድ ትሪ የበሉት ሁለት ልጆች በአንድ ክብደት ተመድበው ምንጣፍ ላይ የሚገናኙበት ጊዜ አለ።

የማውቃት የሞጣ እናት ልጇ እንዲህ ባደረበት ቤት ካለችው የደብረ ማርቆስ እናት ጋር ትውውቋ የተጀመረው በስልክ ነው፤ ልጄ እራቱን በላ ወይ ብላ ልትጠይቅ ደውላ። ሁለቱ ሴቶች በአካል ሳይተያዩ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ሲደዋወሉ ቆዩ። በኋላ ልጁ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፈው በዚያው ቤት ነው። እንዲህ ያለው ዝምድና በየወረዳው ተዘርግቷል፤ መንገድ በሚያሰጋበት፣ የአንዱ ወረዳ ሰው የሌላውን በጥርጣሬ በሚያይበት ጊዜ ዋጋው በብር አይተመንም። ጸሐፊው የወጪውን ዝርዝር ሲጽፉ ይህንንም በሌላው ዐምድ ሊያሰፍሩት ይገባ ነበር።

በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ከእነዚህ ውድድሮች የረባ ስፖርተኛ አይወጣም የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ቴኳንዶ እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡልና በ1992 በባርሴሎና በማሳያነት ቀርቦ በ2000 በሲድኒ ሙሉ የኦሊምፒክ ስፖርት ሆኗል፤ አገራችንም በቶኪዮው ኦሊምፒክ በሰሎሞን ቱፋ ተወክላ ከ58 ኪሎ በታች ተወዳድራለች። ይህን የምጠቅሰው በሩጫ ብቻ የምትታወቅ አገር ልጅ በዚህም መስክ እዚያ መድረስ እንደሚችል ለማሳየት ነው። ነገር ግን ክርክሬን በሜዳልያ ላይ አላቆምም። ከማሠለጥናቸው ልጆች አብዛኞቹ ከዞን ውድድር አያልፉም፤ ገበሬ፣ ነርስ፣ ሾፌር፣ ነጋዴ ይሆናሉ። የምናገረው ስለ እነርሱ ነው።

አሁን ወደ መደምደሚያቸው ልምጣ፤ የወጣት ማዕከላት አዳራሽ አይስጡ የሚለው ጥሪ ነው። ጸሐፊው ይህን የሚሉት ጊዜው ለፍልሚያ የሚመች አይደለም በሚል ነው። እኔ ከጊዜው የምደርስበት ድምዳሜ ተቃራኒ ነው። የዓለም ቴኳንዶ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2016 ያቋቋመው የሰብአዊ ድጋፍ ተቋም በዮርዳኖስ በአዝራቅ የስደተኞች ካምፕ ከሶርያ ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ልጆች ቴኳንዶን ያስተምራል፤ ልጆቹ ቀበቶ ይፈተናሉ፣ ይወዳደራሉም። ጦርነትን በዓይናቸው ላዩ ልጆች ከሁሉ አስቀድሞ መምታትን እንዲረሱ ማድረግ ይገባ ነበር የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በዚያ የተያዘው መንገድ ግን ኃይል በደንብ፣ በዳኛና በአክብሮት ሥር እንዴት እንደሚውል ማሳየት ነው። የእኛም ልጆች የተኩስ ድምፅ ሰምተው አድረው ጠዋት ትምህርት ቤት ለመሄድ የሚነሡ ልጆች ናቸው። ከአዳራሹ ብናስወጣቸው ወዴት ይሄዳሉ ለሚለው ጥያቄ ጽሑፉ አንድም መልስ አልሰጠም። ጫት ቤቱና የቁማር ቤቱ አዳራሽ አይለምኑም፣ ደጃቸውም ሁልጊዜ ክፍት ነው።

ስለዚህ ለወጣት ማዕከላት ኃላፊዎችና ለስፖርት ጽሕፈት ቤቶች የማቀርበው ጥያቄ ከጸሐፊው የተለየ ነው። አዳራሹን ስጡ፣ ነገር ግን በውል ስጡ። ከታዳጊዎች ዕድሜ በታች ላሉ ልጆች የራስ ምት በጭራሽ አይፈቀድ። የጤና ባለሙያ በአዳራሹ ካልተገኘ ፍልሚያ አይጀመር። ልኩ የሆነ የደረትና የራስ መከላከያ እንዲሁም የአፍ መከላከያ የሌለው ልጅ አይግባ። ዳኛን የተሳደበ ወይም የራሱን ተወዳዳሪ በሰው ፊት ያዋረደ አሠልጣኝ ለዚያ ዓመት ይታገድ። የመመዝገቢያ ክፍያው ምን ላይ እንደዋለ ለወላጆች በጽሑፍ ይገለጽ፤ መክፈል ላልቻሉ ልጆችም ከዚያው ገንዘብ ድርሻ ይመደብ። ይህን ደንብ ለማርቀቅ ክለቦች ብቻቸውን መቀመጥ የለባቸውም፤ ወላጆች፣ የጤና ባለሙያዎችና መምህራን ሊኖሩበት ይገባል። ጸሐፊውም በረጅም የማስተማር ዘመናቸው ያካበቱት ዕውቀት ለዚህ ይጠቅማልና፣ በተለይ ልጆችን በዕድሜ በመመደቡና ለወላጆች የሚሰጠውን ማብራሪያ በማዘጋጀቱ ሥራ እንዲያግዙን በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ።